የነፋስ ልክ

ሐይቅ የሚሏት ከተማ ሐይቅ የለባትም፤
ውሃው ቁልቁል ወርዶ አብሮ አይኖራትም።
አስፋልት፣ ባጃጅ፣ አቧራ፣ የእህል ገበያ፣
በበረንዳው ጥግ የኔ ልብስ መስፊያ።

ሃያ ዓመት ሰፋሁ፤
የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ሱሪ፣ የሟች ከፈን ለካሁ፤
ያልለካሁት የለም ብዬ ስኩራራ
ሙሄ አናጢው መጣ በእጁ ይዞ ሸራ።
«መዲና፣» አለኝ፣ «ልኩን ወስደሽ ስፊልኝ።»
«የማንን ልክ?» አልኩት።
«የነፋስን፣» አለኝ።

ሰው እንደሚያውቀው ሙሄ አልጋ ነው ሥራው፣
አልጋ፣ በር፣ ሳንዱቅ፣ አንዳንዴም ቃሬዛ፤
ከግቢው መሐል ላይ ያን ዓመት ያቆመው
ግን የዓሣ አጽም ነው፣ የጎን አጥንቱ ዋንዛ።
በርሜል ሰንጥቆ ውሃ ያፈላበታል፣
የጽዱን ሳንቃ እንደ ጎመን ይቀቅላል፤
ሲለሰልስለት በጉልበቱ አጥፎ
በብሎን ያስረዋል ጠርዝ ለጠርዝ አቃቅፎ።
ስንጥቁን በጥጥ ሞላ፣ ጥጡን በሬንጅ አሸገ፣
ሬንጁን ከመንገድ ሠሪዎች በልመና ፈለገ።

«ኖኅ እንኳ ታዞ ነው፤ አንተን ማን አዘዘ?»
እያሉ ይስቃሉ። ሙሄ ዝም፣ መጋዙን እንደያዘ።
ሚስቱ ዘሀራ ግን ሳቅ አልነበራትም፦
«የቤቴ ምሰሶ ምስጥ በልቶት ቆሟል፤ እሱን አይነካም፣
ለውሃ ምሰሶ ሊያቆም ይሮጣል፤
ጣራዬ ሲወድቅስ በምን ይቀዝፈዋል?»

ሸራውን ወለሉ ላይ ዘርግተን በጠመኔ ስናሰምር
ዘሀራ ኩራዝ ይዛ፣ እያጉረመረመች፣ ታበራልን ነበር።
ያኔ ነው ያወጋን፦
በሰማንያ ሦስት ከአሰብ በእግሩ ሲወጣ፣
በረሃውን አቋርጦ በባቲ ሲመጣ፣
አሥር ዓመት ሳንቡቅ የጠገነ ክንዱ
አንዲት መሮ ነበር ስንቁ ለመንገዱ።
«ባሕሩ አገር ቀየረ፤ እኔ ግን አልቀየርኩ፤
ሌሊት ሌሊት፣» አለ፣ «ሲወዘውዘኝ ኖርኩ።
ለሰው አልጋ ስሠራ ሁሌም እንደጎደለው
ይታየኝ ነበረ፤ የጎደለው ሸራ ነው።»

ሸራ ለካ ጠፍጣፋ አይቆረጥም፣
ሆድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ሆድ አይጎትትም።
ደረትና ወገብ አውቃለሁ፣ እጥፋትም እይዛለሁ፤
ለማላየው ገላ ግን ምን ያህል ስፋት እተዋለሁ?
«አብሽሪ፣» አለ ሙሄ፣ «ልብስሽን ሰው ይሞላዋል፣
ይሄንን ደግሞ እሱ። ሲመጣ ታውቂዋለሽ፤ ይለብሰዋል።»

ሸራው የአይሱዙ ነው፣ ጨው ሲያለብስ የኖረ፣
እየጠነከረ አራት መርፌ ሰበረ፤
ነጩም ክር አለቀ ጥጉ ሳይዘጋ፤
አንድ ክንድ ያህሉን በጥቁር ሰፋሁት፣ ቀጠሮው ሊነጋ።
ለማንም አልነገርኩ።

የግቢውን አጥር አፍርሰው፣ በጋሪና በትከሻ
ወረዱ ወደ ውሃው። የሳቁትም ተሸካሚ ሆኑ መጨረሻ።
ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው፤
ባሕር ሳያይ በስሙ ብቻ የኖረ፣
ከጓሮ ተቆርጦ
ያን ዕለት ስሙን አከበረ።

ጠዋቱ ጭጭ አለ። ሸራው ተንጠልጥሎ
ያልተሸጠ ቀሚስ መሰለኝ፣ የኔ በረንዳ ላይ ውሎ።
ሰው ሊበተን ሆነ፣ አንዱም «አላልኩም?» ብሎ፤
ሙሄ ተቀምጧል፣ እጁን ውሃው ውስጥ ጥሎ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ወዲያ ማዶ፣ ሸምበቆው ጎነበሰ፤
የውሃው ቆዳ ተኮማተረ፤
የጠበቅነው ደንበኛ መጣና
ለበሰ።

ሰው ሁሉ ጀልባዋን ሲያይ፣ እልል ሲል፣ ሲሮጥ በዳር፣
እኔ ያየሁት አንድ ክንድ ነው፣ የሰፋሁት በጥቁር ክር።
ሳበ። ተለጠጠ። ጥርሴን ነከስኩ።
ያዘ።
ዘሀራ ከጎኔ፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ፣
«ያ ምሰሶ ምስጥ የለበትም፣» አለች፣ ሳትስቅ፣ እንባም ሳይታይ።

ሙሄ ሲመለስ ዋጋ ጠየቀኝ። የሱሪ ዋጋ አውቃለሁ፤
የነፋስ ልብስ ስንት ነው? እስካሁን አስባለሁ።

አሁን በረንዳዬ ላይ
ያጠብኩት ሸሚዝ ሲነፋ፣ እጅጌው ሲዘረጋ፣
ቶሎ አላወርደውም፤
ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ፣ ከማን ጋ።